የእድሩ ዕቃ ቤት የንባብ ክፍል ሲሆን፦ ከሽሮ ሜዳ የተጻፈ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

እሑድ፣ መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

በዛሬው ወርኃዊ ስብሰባችን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንነጋገርበት የቆየነውን ሐሳብ በሥራ ለመጀመር ወሰንን። ማኅበራችን በእንጦጦ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ የሚኖሩ ሴቶች ያቋቋሙት ነው። አብዛኞቹ አባላት ጥጥ ፈትለው ለሸማኔ የሚያስረክቡ፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ ወይም በልጅነታቸው ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠልና እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ያደጉ እናቶች ናቸው። ሥራችንን በቁጠባ ጀምረን፣ ለተቸገሩ ቤተሰቦች ሴት ልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ወደ ማሟላት ተሻገርን፤ ይሁን እንጂ ልጆቹን ስናግዝ፣ እናቶቻቸው የፈተና ውጤት የሚሰሙት ከልጆቹ አንደበት ብቻ መሆኑን በየሴሚስተሩ እናይ ነበር። ስለዚህ የዘንድሮው ሥራችን እናቶቹን ራሳቸውን ማንበብና መጻፍ ማስተማር ይሆናል።

ጊዜውም ተስማሚ ነው። በሰፈራችን የሚሠሩት የጋሞ ሸማኔዎች ለመስቀል ወደ አገራቸው ስለሚሄዱ፣ በዚህ ሰሞን የፈትል ሥራ ይቀዘቅዛል፤ ፈታዮቹም ለመሰብሰብና ለመመካከር ፋታ ያገኛሉ።

ዛሬ 31 ሴቶች ተመዘገቡ። ታናሿ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የ19 ዓመት ወጣት ስትሆን፣ ታላቋ የ68 ዓመት እናት ናቸው። በመዝገቡ ላይ 26ቱ በአውራ ጣታቸው፣ 5ቱ ደግሞ ስማቸውን እንደ ሥዕል በቃላቸው አጥንተው ፈረሙ። ታላቋ እናት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተምረው ያገኙትን የምስክር ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጥተው ነበር። «ያን ጊዜ አንብቤ ነበር፤ በኋላ ግን የሚነበብ ነገር ቤቴ ስላልገባ ፊደሉ ጥሎኝ ሄደ» አሉኝ። ለ22 ዓመት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳስተምር ብኖርም፣ ስለ ጎልማሶች ትምህርት ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር ያስጨበጠኝ ሰው የለም። የተማሩት ነገር ከቤታቸው የሚያገኘው ወረቀት ከሌለ ይጠፋል ማለት ነው፤ ስለዚህ የምናስተምረው ንባብ ዛሬውኑ በእጃቸው ካለው ወረቀት መነሣት ይኖርበታል።

እሑድ፣ መስከረም 27

የሰፈሩ እድር ኮሚቴ ዕቃ ቤቱን በሳምንት ሦስት ቀን እንድንጠቀምበት ፈቀደ። ያስቀመጠው ግዴታ አንድ ነው፤ ሐዘን በደረሰ ጊዜ ከትምህርቱ በፊት ድንኳኑና ወንበሩ ይወጣል። ግዴታው ተገቢ ስለሆነ ያለ ክርክር ተቀበልን።

ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ፣ መስኮት የሌለው ቤት ነው። ድንኳኑ፣ ምሰሶዎቹ፣ ብረት ድስቶቹ፣ ሰሃኖቹና አግዳሚ ወንበሮቹ መሬት ላይ ተከምረው ስለነበር፣ ዘጠኝ ሴቶች ሆነን ከጠዋት እስከ ቀትር አውጥተን ጠረግን። ምሰሶዎቹን በጣሪያው ማገር ላይ በገመድ ሰቀልን፤ ሰሃኖቹን በጆንያ ከፋፍለን በአንድ ጥግ ደረደርን፤ አግዳሚዎቹን ግን ለመቀመጫ ስለምንፈልጋቸው አስቀረናቸው። ከጣሪያው ላይ ሁለት ቆርቆሮዎችን አስነቅለን፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆርቆሮ አስተካን። ሥራውን የሠራልን የአንዲት አባላችን ባል ነው፤ የእጅ ዋጋም አልተቀበለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 4

ሰሌዳውን ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ ቀባነው። ባለፈው ሳምንት በችፑድ ላይ የቀባነው ጥቁር ቀለም የሚያብለጨልጭ ዓይነት ስለነበር፣ ጠመኔው ተንሸራተተ፤ ከጣሪያው የሚገባው ብርሃንም ሰሌዳው ላይ እያንጸባረቀ ከግራ በኩል ለሚቀመጡት ምንም አላሳይ አለ። ፊቱን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍገን፣ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ሁለት ጊዜ ደራርበን ስንቀባው ተስተካከለ። ይህን የሚሞክር ሌላ ማኅበር ቢኖር፣ ቀለም ሻጩን አስቀድሞ «ጠመኔ ይይዛል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ እመክራለሁ፤ እኛ ባለመጠየቃችን አንድ ቆርቆሮ ቀለም ባከነብን።

የፊደል ካርዶቹን ከሳሙና ካርቶን ቆርጠን አዘጋጀን። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ ሁሉንም ለመጻፍ ሦስት ሰዎች ሁለት ቀን ፈጀባቸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21

ባለፈው ሳምንት ሰኞ የመጀመሪያውን ትምህርት ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምረን ነበር። ከ31 ተመዝጋቢዎች የመጡት 12 ብቻ ናቸው፤ ረቡዕ ደግሞ 9 ሆኑ። የቀሩትን ቤት ለቤት ሄደን ስንጠይቅ፣ ምክንያታቸው ስንፍና አለመሆኑን ወዲያው ተረዳን። ምሽት 1 ሰዓት ራት የሚቀርብበት ሰዓት ነው፤ ዳገቱ ላይ ያለው መንገድ ይጨልማል፤ መብራትም ሁለቱንም ቀን ጠፍቶ ነበር። አንዲት እናት «ባለቤቴ አልከለከለኝም፤ ነገር ግን እኔ ሳልኖር ራት የሚያቀርብ ሰው የለም» አሉን። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለ ቤት ውስጥ እኩልነት ከብዙ ንግግር ይልቅ ትናገራለች፤ በሕግ ያልተከለከለች ሴት በሥራ ክፍፍል ብቻ ከትምህርት ልትቀር ትችላለች።

ሰዓቱን የወሰንነው እኛ አስተባባሪዎቹ ተማሪዎቹን ሳንጠይቅ በመሆኑ፣ ስሕተቱ የራሳችን ነው። ዛሬ ሁሉንም ጠርተን አማከርን። ጋጋሪዎቹ ሥራቸውን እስከ ቀትር ይጨርሳሉ፤ በሰው ቤት የሚሠሩት የምሳ ዕቃ ካጠቡ በኋላ ትንሽ ጊዜ አላቸው፤ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል እንዲሆን ተስማማን። በሰው ቤት ለሚሠሩት አራት ወጣቶች ደግሞ ሰብሳቢያችን ወደ አሠሪዎቻቸው ሄዳ ትነጋገራለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 23

አሁን 24 ተማሪዎች አሉን። ዛሬ የታዘብኩትን በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ የማስተማሪያ መንገዳችንን የለወጠው እርሱ ነውና።

እስከ አሁን የሠራነው በለመድነው የፊደል ቆጠራ ነበር። እኔ በዘንግ እየጠቆምኩ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ስል፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይከተሉኛል፤ ዜማው እጅግ ያማረ ስለሆነ የገባቸው መስሎኝ ተደሰትኩ። ዛሬ ግን ካርዶቹን ያለ ቅደም ተከተል አንሥቼ ሳሳይ፣ «መ»ን ለይተው ያወቁት አራት ሴቶች ብቻ ሆኑ። ሌሎቹ ከ«ሀ» ጀምረው በልባቸው እየቆጠሩ እዚያ ፊደል ላይ ለመድረስ ይሞክሩ ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ከ«ሀ ሁ» ቀጥለው «አ ቡ ጊ ዳ»ን ማስቆጠራቸው ለካ በከንቱ አልነበረም፤ ቅደም ተከተሉን ሲያፈርሱት ዜማው ይጠፋና ዓይን ብቻውን ይፈተናል።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሩብ ሲቀረው፣ አንዷ ፈታይ ከመቀነቷ ስር ባዘቶ አውጥታ እየዳሰሰች ትሰማኝ ነበርና፣ ሰሌዳው ላይ «ጥጥ» ብዬ ጻፍኩ። «ይህ ቃል በእጅዎ የያዙት ነገር ነው» አልኳት። ቃሉን ለጥቂት ጊዜ ካየች በኋላ «አንዱ ፊደል ነው እኮ ሁለት ጊዜ የተጻፈው!» አለች። ክፍሉ ሁሉ ጮኸ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ማንም ሳይነግራቸው ያነበቡት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ፊደሉን በተራ ከማስቆጠር ይልቅ፣ ከሚያውቁት ቃል እየተነሣን ፊደላቱን ለማውጣት ወሰንን። «ጥጥ»ን ተከትሎ «ማግ»፣ «ድር»፣ «ሸማ»፣ «ልቃቂት»፣ «እንዝርት» ይመጣሉ። «ልቃቂት» በተለይ ጠቃሚ ቃል ናት፤ «ቃ»ንና «ቂ»ን ጎን ለጎን ስለምታሳይ፣ አንዱ ፊደል እግሩን ወይም ጎኑን ሲለውጥ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ ሳናስተምር ታስተምራለች። ፊደል ቆጠራውን ሙሉ በሙሉ አልተውነውም፤ የትምህርቱ መዝጊያ ዜማ አድርገን አስቀረነው፤ ምክንያቱም ሴቶቹ ይወዱታል።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ስለ እርሳስ አያያዝ፦ በርካቶቹ እርሳሱን በሙሉ ኃይል ስለሚጫኑ ጫፉ እየተሰበረ ወረቀቱ ይቀደዳል። በትሪ ላይ ደቃቅ አሸዋ ነስንሰን በጣት እንዲጽፉ ካደረግን በኋላ፣ «እርሳሱን እንዝርት እንደምታሾሩበት ጣት ያዙት» ስንላቸው እጃቸው ላላ። ክር ሳይበጠስ እስኪሳሳ የሚያሾር እጅ ፊደል ለመጻፍ ዝግጁ ነው፤ የጎደለው እምነት ብቻ ነበር።

ልጆች የያዙ እናቶችን ጉዳይ አስመልክቶ፣ በየተራ አንዲት እናት ከክፍል ውጭ ሆና ሕፃናቱን እንድትጠብቅ ያደረግነው ሙከራ አልሠራም፤ ተራዋ የደረሰች ሴት ያን ቀን ትቀራለችና። ባለፈው ሳምንት ከማኅበሩ ገንዘብ ትንሽ አበል እየከፈልን፣ አንዲት አያት በግቢው ውስጥ ሰባቱን ሕፃናት እንዲጠብቁ አደረግን። በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ተማሪዎች ተመልሰው መጡ። ለሰሌዳ ካወጣነው ገንዘብ ይልቅ ለዚህ ያወጣነው የበለጠ ፍሬ ሰጥቷል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 26

ስድስት ሴቶች ወደ ኋላ ቀርተውብን ነበር። ሁሉም ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ነው። ካርዱን ከሩቅ ሳሳያቸው በትክክል ይመልሳሉ፤ ደብተራቸው ላይ ሲሆን ግን ዝም ይላሉ። አንደኛዋ «አእምሮዬ አርጅቷል፤ ቦታውን ለወጣት ልልቀቅ» ብላ ልትሰናበተኝ መጣች። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ እንድታስገባ ሰጠኋት፤ ክንዷን እስኪችል ድረስ ዘረጋችና ከዚያ ለልጇ አቀበለቻት።

የዓይን ውስጣዊ ሌንስ ከ40 ዓመት በኋላ የመለጠጥ ኃይሉን እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ የቅርብ ነገር ማየት ያስቸግራል፤ ይህ በማንኛውም ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ ቀላል የንባብ መነጽርም ያስተካክለዋል። ስድስቱንም ወደ ጤና ጣቢያ ወስደን አስለካን፤ የተገኘው ቁጥር ከ1.5 እስከ 2.5 ባለው ውስጥ ነበር፤ መነጽሮቹን ከማኅበሩ ገንዘብ ገዛን። ዛሬ ያቺው ልትሰናበት የመጣችው እናት መነጽሯን አድርጋ «ሸማ» ብላ ካነበበች በኋላ፣ ትንሽ ቆይታ ወደ እንዝርቷ ተመለሰችና የፈተለችውን ክር አየች። «ለካ ክሬም ወፍራም ሆኖ ኖሯል» አለች፤ ለዓመታት የክሯ ዋጋ ለምን እንደቀነሰ ያወቀችው ዛሬ ነው። ጎልማሶችን ለማስተማር የሚነሣ ማንኛውም ሰው፣ ደብተር ከመግዛቱ በፊት ዓይን እንዲያስለካ አጥብቄ እለምናለሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12

የተማሪው ቁጥር ወደ 14 ወረደ። ገናና ጥምቀት ስለተቃረቡ፣ ሸማኔዎቹ ቀንና ሌሊት እየሠሩ ናቸው፤ ነጋዴውም ለበዓሉ የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ስለሚያከማች፣ ማግ የሚፈትሉት ሴቶች ከእንዝርታቸው ሊነሡ አይችሉም። ድሩ ዛሬ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ቢሆንም፣ ማጉ አሁንም ከሴቶች እጅ ይወጣል። ገበያው ሲደራ ትምህርት መቅረታቸው የሚያስወቅስ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ገቢ ነው።

ስለዚህ ትምህርቱን ወደ ፈታዮቹ ቤት አዛወርን። ሴቶቹ ልማዳቸው ሆኖ በአንድ ቤት ተሰብስበው ይፈትላሉ፤ እኛም በሦስት ቤቶች ውስጥ እየተገኘን፣ እነርሱ እየፈተሉ አንዷ በየተራ እንድታነብ አደረግን። በዚህ አጋጣሚ ሒሳብ የመያዝ ትምህርት ጀመርን። ደብተሩ አራት መስመር ብቻ አለው፦ ቀን፣ የልቃቂት ብዛት፣ የተከፈለ፣ የቀረ። ቁጥሩን ሁሉም ቀድሞ ከገንዘብ ያውቁታል። እስከ አሁን ሒሳቡን የሚይዘው ሸማኔው ብቻ ነበር፤ እርሱም በግድግዳው ላይ በከሰል ጭረት ይመዘግባል። ግድግዳው ሲታደስና ሲለቀለቅ የሚጠፋ ነገር ቢኖር፣ የሚጠፋው የፈታይዋ ድርሻ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 15

ከጥምቀት በኋላ 27 ተማሪዎች ተመለሱ። አንዷ ደብተሯን ይዛ ወደ ሸማኔዋ ሄዳ፣ ያልተከፈለ የሰባት ልቃቂት ዋጋ እንደቀረ አሳየችው። ሰውየው ደብተሩንና የግድግዳውን ጭረት አስተያይቶ፣ ስሕተቱን አምኖ በዕለቱ ከፈለ። ጠብ አልተነሣም፤ ከዚህ በኋላም ሁለቱም በአንድ ደብተር ሊጽፉ ተስማምተዋል።

ሌላው ከባድ ነገር የቋንቋ ጉዳይ ነው። ከተማሪዎቻችን ስምንቱ አፋቸውን የፈቱት በጋሞኛ ነው። በራሳቸው ቋንቋ ቢማሩ እንደሚቀላቸው አውቃለሁ፤ ሆኖም ስንጠይቃቸው «ደረሰኙም፣ የቤት ውሉም በአማርኛ ነው፤ እርሱን እንወቅ» አሉ። ጋሞኛ የምትናገር አንዲት ወጣት አባላችን በአጠገባቸው ተቀምጣ ትርጉሙን እንድታስረዳ መድበናል።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ዛሬ ስለ ጣት ፊርማ ተማርን። ይህ የሥራችን እምብርት ስለሆነ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስዘጋጅ ቆይቻለሁ። እያንዳንዷ ሴት በቤቷ ያለውን፣ ስሟ የሰፈረበትን ወረቀት ይዛ እንድትመጣ ነግረናቸው ነበር። የመጣው ብዙ ነው፦ የቀበሌ ቤት የኪራይ ውል፣ የባንክ ደብተር፣ የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የብድር ውል። አንዲት እናት ከአሥር ዓመት በፊት በጣቷ የፈረመችውን ወረቀት ይዛ መጥታ፣ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ እንደማታውቅ ነገረችን። ስናነብላት ለዘመድ የገባችው የዋስትና ውል ነበር። ዕዳው ተከፍሎ በማለቁ እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ባይከፈልስ ኖሮ የሚለው ግን ሁላችንንም አስደነገጠን።

ሕግ የምታጠና የአንዲት አባላችን ልጅ ሦስት ነገሮችን አስረዳችን። አንደኛው፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728 መሠረት፣ ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያኖረው የጣት ምልክት ወይም ፊርማ የሚያስገድደው፣ ሥራውን በሚያከናውን ዳኛ ወይም ውል በሚያዋውል ሹም ፊት የተረጋገጠ ሲሆን ነው። በጎረቤት ቤት ተቀምጠው «እዚህ ጋ ጣትሽን አኑሪ» ሲባሉ የኖሩት ሴቶች ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ሁለተኛው፣ ያው የ1952ቱ ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሚስትን እንድትታዘዘው ያዝዝ የነበረ መሆኑ ነው፤ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም 15 ዓመት ነበር። ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገ፤ ቤተሰቡንም በእኩልነት እንዲመሩ ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለዚህ ለውጥ የደከመውን ድካም ሳስብ፣ እኛ የምናስተምረው ፊደል የእነርሱን ሥራ ወደ ቤት የሚያስገባ በር ሆኖ ይታየኛል። ሦስተኛው ደግሞ የዚሁ ሕግ አንቀጽ 63 ነው፤ በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ፣ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል።

«ንብረት» የሚለውን ቃል በሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ ሁሉም በደብተራቸው ገለበጡት።

በዚሁ ቀን አንድ ያልጠበቅነው ችግር ገጠመን። የአንዲት ተማሪ ስም በመታወቂያዋ ላይ በ«ጸ»፣ በባንክ ደብተሯ ላይ በ«ፀ» ተጽፏል። ሞክሼ ፊደላትን እስከ አሁን አዘግይተናቸው ነበር፤ ንባብ ለጀመረ ሰው «ለምን ሁለት?» የሚለው ጥያቄ ያደናግራልና። አሁን ግን እያንዳንዷ ሴት ስሟ በየወረቀቱ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ ማወቅ እንዳለባት ስለተረዳን፣ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»ን፣ «ሰ፣ ሠ»ን፣ «አ፣ ዐ»ን፣ «ጸ፣ ፀ»ን በአንድ ወረቀት አዘጋጀን።

ዓርብ፣ የካቲት 29

ዛሬ ማርች 8 ነው። በዓሉን በአዳራሽ ከማክበር ይልቅ ትምህርታችንን ቀጠልን፤ ከትምህርት በኋላ ግን ቡና አፍልተን ተጫወትን። ታላቋ እናት በልጅነታቸው የእንጨት ሸክም ይዘው ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርዱ፣ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በር እንደሚያልፉና የደንብ ልብስ የለበሱትን ልጃገረዶች ቆመው ያዩ እንደነበር አጫወቱን። ያ ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ለሴቶች ልጆች የተከፈተ ነው፤ በኋላ የመሩት ስንዱ ገብሩም ለፓርላማ በመመረጥ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። «በሩ ሩቅ አልነበረም» አሉ እማማ፤ «ሸክሙ ነው ያላስገባኝ።» ወጣቶቹ ይህን ሰምተው ማልቀስ ጀመሩ፤ እርሳቸው ግን መነጽራቸውን አጥልቀው ደብተራቸውን ከፈቱ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 18

የዛሬው ትምህርት በስልክ ላይ ነበር። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በሰፈራችን እጅግ ስለተስፋፋ፣ እንጀራ የሚሸጡት ሴቶች ብዙዎቹ ክፍያ የሚቀበሉት በስልክ ነው። ነገር ግን ከ127 የሚመጣውን መልእክት ማንበብ ስለማይችሉ፣ የሚስጥር ቁጥራቸውን ለልጅ፣ ለጎረቤት፣ አንዳንዴም ለባለሱቅ ሰጥተው ኖረዋል። 18 ሴቶች ዛሬ በራሳቸው እጅ የሚስጥር ቁጥራቸውን ለወጡ። ከመልእክቱ ውስጥ ሦስት ነገር እንዲፈልጉ ነው ያስተማርናቸው፦ የገንዘቡ መጠን፣ የላኪው ስም፣ ቀሪ ሒሳብ። የቀረውን ጽሑፍ ባይረዱትም ግድ የለም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 9

ትላንት በሰፈራችን ሐዘን ደረሰ። በገባነው ግዴታ መሠረት ክፍላችን ባዶ ሆነ፤ ድንኳኑ ወጣ፣ አግዳሚዎቹ ወጡ፣ ድስቱና ሰሃኑ ሁሉ ወጣ። ሦስቱን ቀን ትምህርት የለም።

በእድሩ ልማድ፣ ዕቃ ሲወጣ የሚመዘግበው ከወንዶቹ አንዱ ወይም የተማረ ልጅ ነው። ትላንት የሚመዘግብ ሰው ባለመገኘቱ፣ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ግራ ተጋብቶ ቆሞ ሳለ፣ ያቺ በኅዳር ልትሰናበተኝ የመጣችው እናት ደብተሩን ተቀብላ በሩ ላይ ተቀመጠች። «ድስት 4። ሰሃን 120። ወንበር 32። ድንኳን 1» ብላ ጻፈች። «ሰሃን» የሚለውን በ«ሠ» ጽፋዋለች፤ አላረምኳትም። ኃላፊውም ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያነብብ ኪሱ ሊከት ሲል፣ «አንብበው፤ ከዚያ ፈርም» አለችው።

እሑድ፣ ግንቦት 11

ከፋሲካ በኋላ በተደረገው የማኅበራችን ስብሰባ፣ ለሰፈሩ እድር ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ጥያቄ አዘጋጀን። እድሩ አባል የሚመዘግበው በቤተሰብ ሲሆን፣ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የባል ስም ብቻ ነው። ባልና ሚስት በፍቺ ሲለያዩ፣ ለዓመታት መዋጮውን ከእንጀራ ሽያጭ ስትከፍል የኖረች ሴት አባልነቷን አጥታ፣ እንደ አዲስ የመግቢያ ገንዘብ ክፈይ ትባላለች። ከአባሎቻችን ሦስቱ ይህ ደርሶባቸዋል። ጥያቄያችን ሁለት ነው፦ የሚስትም ስም ከባል ስም ጎን ይጻፍ፤ ከፍቺ በኋላም ሁለቱም አባልነታቸውን ይዘው ይቀጥሉ። ማመልከቻውን ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲያረቅቁት ስላደረግን አራት ቀን ፈጅቷል። ቋንቋው አጭርና ግልጽ ነው፤ እኔ ብጽፈው ኖሮ ሁለት ገጽ ይሆን ነበር።

እሑድ፣ ሰኔ 9

ጠቅላላ ጉባኤው ተካሄደ። ማመልከቻውን ያነበበችው ታናሿ ተማሪያችን ናት፤ ድምፅዋ በመጀመሪያ ቢንቀጠቀጥም እስከ መጨረሻው አላቋረጠችም። ክርክሩ ረጅም ነበር። አንዳንድ አባቶች «ቤት አንድ ራስ ነው ያለው» ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ ሐዘን ቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚያገለግሉት፣ የሚያበስሉትና የሚያጥቡት ሴቶቹ ስለሆኑ ስማቸው በመዝገብ መስፈሩ ዘግይቷል እንጂ አልፈጠነም አሉ። በመጨረሻ የመጀመሪያው ጥያቄ በእጅ ብልጫ አለፈ፤ የፍቺው ጉዳይ ግን ለመስከረም ጉባኤ ተላለፈ። በዚህ እንዳዘንኩ አልደብቅም፤ ሦስቱ አባሎቻችን ውጤቱን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ ያየሁት ድካም ከልቤ አይወጣም። እስከ መስከረም ድረስ ከእያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ጋር ቤቱ ድረስ ሄደን እንነጋገራለን።

እሑድ፣ ሰኔ 23

አዲሱ የእድር መዝገብ ዛሬ ተከፈተ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሴቶች እየመጡ በባላቸው ስም አጠገብ ስማቸውን ጻፉ። ከ31 ተመዝጋቢዎቻችን 23ቱ በገዛ እጃቸው ጽፈው ፈረሙ። 3ቱ ገና ስለሚቸገሩ አብረናቸው እየደገፍን ጻፍን፤ 5ቱ ዓመቱን ያልጨረሱ ናቸው፤ ከእነዚህ ሁለቱ በሰው ቤት የሚሠሩና አሠሪ የለወጡ ወጣቶች ስለሆኑ ያሉበትን እያፈላለግን ነው።

ክረምቱ ስለገባ፣ የፕላስቲክ ቆርቆሮው ጫፍ ዝናብ እያስገባ አንዳንድ የፊደል ካርዶችን አበላሽቶብናል። በሚቀጥለው ሳምንት ጣሪያውን እናስጠግናለን፤ የተበላሹትን የ«ቀ» እና የ«በ» ካርዶችንም እንደገና እንጽፋለን። ለክረምቱ ትምህርት የተመዘገቡ አዳዲስ ሴቶች 17 ደርሰዋል፤ የሚጽፉበትን መዝገብ ያሰመረችውና ከላይ «ስም»፣ «ዕድሜ»፣ «የዓይን ቁጥር» ብላ የጻፈችው ያቺው የዕቃ ቤቱ መዝጋቢ ናት።